የሌሊቱን ውሳኔ ቀን ላይ እንጻፈው

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣምና ደንግጬ ነው ያነሳሁት። የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙንም፣ የሚሠራበትን ግድብም አልጠራም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት…»

«ደህና ነህ? ምን ሆንክ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ሐይቁ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ላይ በኩል ደግሞ አሁንም እየዘነበ ነው። በሩን ብከፍተው ነገ ‹ውሃውን ለምን አባከንከው› ይሉኛል። ባልከፍተው ደግሞ…» ዝም አለ።

«ሞዴል የላችሁም እንዴ? አንተ ራስህ በመመረቂያህ የሠራኸው ዓይነት?»

«ሞዴሉማ ላፕቶፔ ላይ አለ ጋሼ። ማን ፈርሞበት ነው የምከፍተው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። አለቆችህን ቀስቅስ፣ ሰዓቱንና የሐይቁን ከፍታ በየሰዓቱ ጻፍ፣ ታች ላሉት ቀበሌዎች አሁኑኑ ደውል አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ሊነጋ ሲል ዝናቡ ጋብ አለ፤ ያቺ ሌሊት በደህና አለፈች። እግዜር ይመስገን። ግን በየዓመቱ እግዜርን የግድብ ኦፕሬተር ማድረግ አንችልም።

ከዚያ ወዲህ የልጁ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። «ማን ፈርሞበት?» ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ግድብ አሠራር ቀመር ሳስተምር ኖሬ፣ ዋናው ጥያቄ ከቀመሩ ውጭ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ስለዚህ ልጻፍ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

*

መጀመሪያ የመስኩ ሰው ላልሆናችሁ ወዳጆቼ ነገሩን ቀለል ላድርገው።

የግድብ ሐይቅ ጎተራ ነው። ክረምት ያስገባል፣ በጋ ያወጣል። ሒሳቡም አንድ መስመር ነው፦ የነገው ውሃ የዛሬው ውሃ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የለቀቅነው፣ ሲቀነስ ፀሐይ የወሰደችው። ይኸው ነው። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል።

ታዲያ ከባዱ ምኑ ላይ ነው? ከባዱ «ስንት እንልቀቅ?» የሚለው ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የገጠር እናት ናት። ጤፉ ታኅሣሥ ላይ ጎተራ ገባ እንበል። ጥር ላይ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ይዞ መጣ። ስንት ትሽጥ? ዛሬ ብዙ ብትሸጥ ሐምሌና ነሐሴ ልጆቿን ምን ታበላለች? ምንም ባትሸጥ ደግሞ ነቀዝ ይበላዋል፣ ማዳበሪያ የሚገዛበት ገንዘብም የለም። እሷ የምታስበው ከኋላ ተነስታ ነው። «ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጄ ላይ ምን ሊኖር ይገባል?» ትልና ከዚያ ወደ ሐምሌ፣ ከሐምሌ ወደ ሰኔ እያለች እስከ ዛሬ ትመጣለች።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ቤልማን በ1950ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር «ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ» ያለው ዘዴ በጭብጡ ይኸው ነው። ከመጨረሻው ወር ተነስተህ ወደ ዛሬ ትመጣለህ፤ በየወሩ በእያንዳንዱ የሐይቅ ከፍታ ላይ «ከዚህ ብነሳ እስከ መጨረሻው የተሻለው መንገድ የቱ ነው?» ትላለህ። ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ስጽፍ «መምህሩ ዐረብኛ ጀመረ» ትሉኝ ነበር።

ኮምፒዩተር ይህን ለአንድ ግድብ በቀላሉ ይሠራዋል። የሐይቁን ከፍታ 100 እርከን ላይ ብትከፍሉት 100 ሁኔታ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ ሦስት ግድብ ሲሆን አንድ ሚሊዮን ይሆናል። አምስት ሲሆን አሥር ቢሊዮን። ቤልማን ራሱ ይህን የዘዴው እርግማን ብሎታል። ለዚህ ነው የዘርፉ ምሁራን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አቋራጭ ሲፈልጉ የኖሩት። መስመራዊ ቀመር፣ የዘረ መል ስልት፣ ዛሬ ደግሞ ማሽን ለርኒንግ። ጥሩ ነው፤ ሁሉም ቦታ ቦታው አለው። ግን የተማሪዬን ጥያቄ የሚመልስ ከነዚህ መካከል አንድም የለም።

*

ግድብ ላይ ሁለት ፍርሃት አለ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የመጀመሪያው ባዶ የመቅረት ፍርሃት ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ? መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። በይፋ የተሰጠው ምክንያት የግልገል ጊቤ 3 ሐይቅ መቀነሱ ነበር። ዳቦ ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ወረፋ ያዘ። የአንድ ሐይቅ ከፍታ በየቤታችን ገብቶ ምጣዳችንን ሲያጠፋ በዓይናችን አየን።

ከፍታ ስል ደግሞ የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በሰከንድ ከ100 ሜትር ቁመት ተርባይን ላይ ቢወርድ ወደ 0.9 ሜጋዋት ይሰጣል። ያው ውሃ ከ50 ሜትር ቢወርድ ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሰው ሐይቁ ሁልጊዜ ሞልቶ ቢያይ ደስ ይለዋል። እውነቱን ነው።

ሁለተኛው የመሙላት ፍርሃት ነው። ሐይቁ አፉ ድረስ ሞልቶ ዝናቡ ካላቆመ ምርጫ የለም፤ የገባው ሁሉ ይወጣል። በዚያች ሰዓት ግድቡ ግድብ መሆኑ ያበቃል፤ ወንዙ እንደ ጥንቱ ራሱ ወሳኝ ይሆናል። እንዲያውም ከጥንቱ የባሰበት ጊዜ አለ። ግድብ አለ ብሎ ሰዉ ወደ ወንዙ ዳር ተጠግቶ ቤት ሠርቷል፣ አርሷል፣ ከብቱን አሰማርቷልና።

የጎርፍ ሰው ደግሞ በክረምት ሐይቁ ውስጥ ባዶ ቦታ ማየት ይወዳል። እሱም እውነቱን ነው።

እንግዲህ ትልቁ ነጥቤ፦ ባዶ ቦታ ብክነት አይደለም። ባዶ ቦታ ሀብት ነው። ገና ያልመጣን ጎርፍ የምናሳድርበት ማደሪያ ነው። ችግሩ ባዶ ቦታ ፎቶ አያምርም። የሞላ ሐይቅ ዜና ይሆናል፣ «ሞላ!» ተብሎ ይጨበጨባል። «ሐይቁ ዛሬ በሚገባ ጎድሏል» ተብሎ የተጨበጨበበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

*

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

አንድ ጊዜ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ተቀምጠን ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው። ግራፉ ያምራል፤ በሱ ሞዴል ግድቡ ከተለመደው አሠራር በጣም የበለጠ ኃይል ያመነጫል። ጎርፍም የለም፣ እጥረትም የለም። ሁላችንም ራሳችንን በአድናቆት እየነቀነቅን ሳለ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ዝግ ባለ ድምፅ፦

«ሐምሌ 15 ላይ በሩን የከፈትከው ነሐሴ ላይ ብዙ እንደሚዘንብ በምን አውቀህ ነው?» አለው።

«ከዳታው።»

አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ተሸማቀቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም እንደዚያ አድርጎ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ያለፉትን 30 ዓመታት የወንዝ ፍሰት ለኮምፒዩተሩ ሙሉውን ሰጥተን «የተሻለውን አሠራር ፈልግ» ስንለው፣ ፈተናውን መልሱን አይቶ እንደሚፈተን ተማሪ ነው። መቶ ከመቶ ቢያመጣ ምን ይደንቃል? በሩ አጠገብ የቆመው ሰው ግን የሚያውቀው ሦስት አራት ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ ሐይቁ የት እንደደረሰ፣ ሰሞኑን ስንት እንደገባ፣ የሜትሮሎጂ ትንበያው ምን እንደሚል። ጥሩ ደንብ ማለት በነዚህ ብቻ ተመሥርቶ «ይህን ያህል ልቀቅ» የሚል ነው። ከዚያ ያን ደንብ በክፉም በደጉም ዓመት እንፈትነዋለን፤ በተመዘገቡት ዓመታት ብቻ ሳይሆን ሊመጡ በሚችሉትም። ውጤቱ ከ«ምርጡ» ያንሳል። ግን እውነተኛ ነው።

ሊመጡ የሚችሉ ዓመታት ስል ደግሞ የዮሴፍን ታሪክ አትርሱ። ሰባት የጥጋብ ዓመት፣ ሰባት የረሃብ ዓመት። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሄርስት ዕድሜውን ግብፅ ውስጥ የዓባይን መዝገብ ሲመረምር ኖሮ በ1951 እንደ ፈረንጆቹ ያሳተመው ጥናት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ደረቅ ዓመታት እንደ ሳንቲም ውርወራ እዚህም እዚያም ተበትነው አይመጡም፤ ተከታትለው የመምጣት ጠባይ አላቸው። እርጥቦቹም እንደዚያው። በኋላ የሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮት ይህን ጠባይ «የዮሴፍ ውጤት» ብሎ ሰየመው። የኛው ዓባይ ለዓለም ሒሳብ ያበረከተው ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ትርጉሙም ቀላል ነው፦ አንድ ክፉ ዓመት ብቻ አስቦ የተሠራ ደንብ፣ ሦስት ክፉ ዓመት ተከታትሎ ሲመጣ ይሰበራል።

*

ይህ ሁሉ ግን አሁንም ሒሳብ ነው። ከሒሳብ ውጭ ወደሆነው ልምጣ፤ ለዚህም ቆቃን እንውሰድ።

የቆቃ ግድብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን የጦርነት ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራ ነው። ራሱ 43 ሜጋዋት ነው የተተከለለት። ከሱ የወጣው ውሃ ግን ወርዶ አዋሽ 2ን፣ ከዚያ አዋሽ 3ን ያዞራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ናቸው። ውሃው ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። በመንገዱ ላይ የወንጂ ሸንኮራ አለ። ወረድ ሲል የመተሐራ ሸንኮራ። ከዚያ አሚባራ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ። የአፋር አርብቶ አደር ከነከብቱ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የሚባክን ወንዝ አይደለም፤ እያንዳንዷ ጠብታ ጠያቂ አላት።

እስቲ አሁን ለኮምፒዩተሩ «የተሻለውን ፈልግ» በሉት። «የተሻለ ለማን?» ይላችኋል። ይህን ነው ኦብጀክቲቭ ፈንክሽን፣ የዓላማ ቀመር የምንለው። አንዲት መስመር ናት። ግን ፖለቲካው፣ ፍትሑ፣ ሕይወቱ ሁሉ እዚያች መስመር ውስጥ ነው ያለው።

ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ ጻፉ፣ ሞዴሉ ነሐሴ ላይ ሐይቁን አፉ ድረስ ይሞላዋል። ጎርፉን ብቻ ጻፉ፣ ባዶ ያደርገውና በጋ ላይ ሸንኮራው ይደርቃል። ደለሉን ካልጻፋችሁት ጭራሽ አያየውም። ቆቃ ደግሞ በደለል እንዴት እንደተጎዳ የሚያውቅ ያውቃል፤ ሲሠራ ከነበረው ይዞታ ቀላል የማይባል ክፍል በአፈር ተይዟል። ደለል በብዛት የሚመጣው በክረምቱ መጀመሪያና እኩሌታ ድፍርስ ጎርፍ ነው። ሱዳኖች የሮሴሬስን ግድብ ሲያሠሩ የኖሩት ይህን አውቀው ነው፤ ድፍርሱን ያሳልፋሉ፣ ክረምቱ ሲያልቅ ጠራ ያለውን ይይዛሉ። ይህ ጥበብ የዚህን ዓመት ኪሎዋት ይቀንሳል፤ የልጅ ልጆቻችንን ሐይቅ ያተርፋል። ግን የልጅ ልጆቻችን ቀመሩ ውስጥ ካልተጻፉ ሞዴሉ ከየት ያውቃቸዋል?

ጎርፍም ቢሆን ለሁሉም ጠላት አይደለም። በታችኛው ኦሞ ሕዝቡ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ የሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራል። ያው ኦሞ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፤ ያኔ ጊቤ 3 አልነበረም። እንግዲህ ለዚያ ሕዝብ የሚበጀው ጎርፍ መኖር ነው ወይስ አለመኖር? መልሱ «መጠኑና ቀኑ የታወቀ ጎርፍ» ነው። ይህን ደግሞ ሞዴል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ግን የሚገባው አንድ ሰው «ይግባ» ሲል ነው።

ገደብና ግድብ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሞዴል ውስጥ «ገደብ» የምንለው አለ፦ ከዚህ በታች አትልቀቅ፣ ከዚህ በላይ አትሙላ። ኢንጂነሩ ገደቡን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሲጽፈው አያለሁ። ለአካባቢ ጥበቃ ይህን ያህል፣ ለጎርፍ ይህን ያህል። ወንድሜ፣ አንተ ማን ነህና የዱብቲን ሰው ድርሻ በኤክሴል ሠንጠረዥ የምትወስነው? ጠይቀኸዋል?

*

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» የምትሉ ካላችሁ ወደ አውስትራሊያ እንሂድ።

ብሪስቤን የምትባለው ከተማ በ1974 እንደ ፈረንጆቹ ክፉ ጎርፍ መታት። ከዚያ ዋይቨንሆ የሚባል ግድብ ከከተማዋ በላይ ተሠራ፤ ሁለት ሥራ ተሰጠው። የታችኛው ክፍል፣ ወደ 1.165 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለመጠጥ ውሃ። የላይኛው፣ ከዚያም የሚበልጥ ቦታ፣ ለጎርፍ ሲባል ባዶ የሚቀመጥ። ስለዚህ እዚያ «መቶ በመቶ ሞላ» ሲባል ገና ከግማሽ በላይ ባዶ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ረጅም ድርቅ መጣ። ሰዉ ሻወር በደቂቃ መቁጠር ጀመረ። ውሃ መልቀቅ ኃጢአት መሰለ። ድርቁ አልቆ ጥር 2011 እንደነሱ አቆጣጠር ላይ ዶፍ ወረደ። ሐይቁ ወደ 190 በመቶ ደረሰ፤ ኢንጂነሮቹ ግድቡን ለማዳን ብዙ ውሃ ለመልቀቅ ተገደዱ፤ ከተማዋ ተጥለቀለቀች። ጥያቄው ያው የተማሪዬ ጥያቄ ነበር፦ ቀደም ብለው ለምን አልለቀቁም? ትንበያውን ማመን ነበረባቸው ወይስ መሬት ላይ የወረደውን ብቻ?

በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎጂዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ኢንጂነሮቹ ቸልተኛ ነበሩ አለ። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከተከሳሾቹ ለዋነኛው የግድብ ድርጅት ይህን ፍርድ ሻረው። ከአሥር ዓመት ክርክር በኋላ ሁለት ፍርድ ቤት ሁለት ፍርድ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን አይደለም። ክርክሩ ሁሉ የተደረገው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፦ የግድቡ የጎርፍ ጊዜ መመሪያ። መመሪያው በዚህ ከፍታ ይህን አድርግ ይላል፤ ኢንጂነሮቹ በየሰዓቱ ያደረጉትን መዝግበዋል። ስለዚህ ተጎጂው የሚይዘው ነገር ነበረው። ኢንጂነሩም ራሱን የሚከላከልበት ነገር ነበረው። የኔ ተማሪ በዚያች ሌሊት አንዱም አልነበረውም። ስልክ ብቻ ነበረው።

*

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው፦ «ክረምት ከክረምት አይመሳሰልም፤ የተጻፈ ደንብ እጅ ያስራል፤ ልምድ ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ ይወስን» የሚል ነው። ልምድን አልንቅም። አንድ የድሮ ኦፕሬተር ደመናውን አይቶ ከኔ ሞዴል የተሻለ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ሐኪምም ልምድ አለው፤ ሆኖም ድንገተኛ ክፍል ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መመሪያ አለ። መመሪያው ሐኪሙን አያስረውም፤ ከመመሪያው ሲወጣ ለምን እንደወጣ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ደንብ ውስጥም «ከዚህ ደንብ ማፈንገጥ የሚችለው እገሌ ነው፣ በዚህ ምክንያት» የሚል መስመር ይኑር። በተጨማሪ፣ ያ ልምድ ያለው ሰው ጡረታ ሲወጣ ልምዱ አብሮት ይወጣል። ካልተጻፈ።

ሁለተኛው፦ «የግድብ መረጃ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው» የሚል ነው። የደኅንነት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የበሩን መቆጣጠሪያ ኮድ ይፋ አድርጉ አላልኩም። ግን የሐይቅ ከፍታ በዛሬ ጊዜ ከሳተላይት ይነበባል። ሩቅ አገር የተቀመጠ ተመራማሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየዋል። የማያየው ማን ነው? ከግድቡ ሥር ከብት የሚያሰማራው አርብቶ አደር። ታዲያ ከማን ነው የምንደብቀው?

ስለ ህዳሴ ግድብም ዝም ብዬ አላልፍም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ ማንኛችሁም ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የዓባይ የዓመት አማካይ ፍሰት ድንበር ላይ 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። ማለትም የአንድ ዓመት ተኩል ወንዝ ነው ያቀፍነው። ከዚህ በታች ያለው ሮሴሬስ የህዳሴው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በመስከረም 2018 ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲነሳ ወዲያው ጣት ተቀሰረብን፤ መንግሥታችንም ክሱን አልተቀበለውም፤ ግድቡ ጎርፍን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም አለ። እኔ እዚህ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር በመግለጫ አይረታም። «ደንባችን ይኸው፣ በየቀኑ የገባው ይህ ነው፣ የወጣው ይህ ነው» ብሎ በሰንጠረዥ ማስቀመጥን የሚያህል መልስ የለም። ለራሳችን ክብር ስንል ነው የምለው። የሠራነውን የሚያኮራ ሥራ የሚመጥን መዝገብ ይኑረው።

*

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላነሳም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ግድብ ኦፕሬተሩ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሊያነበው የሚችል አንድ ገጽ ደንብ ይኑረው። በየወሩ ሐይቁ እስከ የት ይሙላ፣ ምን ያህል ባዶ ይቆይ፣ ከዚህ ከፍታ ሲያልፍ ስንት ይለቀቅ፣ ማን ይነገረው። ከኋላው ያለው ሞዴል መቶ ሺህ መስመር ኮድ ቢሆን ግድ የለኝም። ደንቡ ግን አንድ ገጽ ይሁን፣ በአማርኛም፣ በአካባቢው ቋንቋም። ከታችም ፊርማ ይኑረው። የኦፕሬተሩ አይደለም፤ የኃላፊው።

ሁለተኛ፣ ያ ደንብ ሲወጣ ክብደቱን የሚወስኑት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የኤሌክትሪኩ፣ የሸንኮራው፣ የመስኖው፣ የአርብቶ አደሩ ሽማግሌ። ሞዴሉ እዚያ ነው ጥቅሙ! «ይህን ያህል ባዶ ቦታ ብንተው ይህን ያህል ኪሎዋት እናጣለን፣ ይህን ያህል ጎርፍ እንቀንሳለን» ብሎ ዋጋውን ለሁሉም ያሳያል። ሞዴል ዳኛ አይደለም። ሚዛን ነው። ሚዛን ላይ ምን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ከክረምት በኋላ ኦፕሬተሩን በውጤቱ ብቻ አንፍረድበት። ደንቡን ተከትሎ፣ በዚያች ሰዓት በሚያውቀው ልክ ወስኖ ዝናቡ ከቀረ፣ «ውሃ አባከነ» አይባልም። እንዲህ ብለን አንድ ሰው ከቀጣን፣ በሚቀጥለው ነሐሴ በሩን የሚከፍት ሰው አናገኝም። ሁሉም እስኪሞላ ይጠብቃል። ምክንያቱም ከሞላ በኋላ የከፈተውን ማንም አይወቅሰውም፤ ተፈጥሮ ነው ይባላልና። ሰው የሚሞተው ግን ያኔ ነው።

*

ለተማሪዎቼ፣ በተለይ አሁን መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ላላችሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ ግራፍ ስትልኩልኝ ሁለት ነገር አብራችሁ ላኩ። ሞዴላችሁ ሐምሌ 15 ላይ የሚያውቀው ምን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ በእናንተ «ምርጥ» አሠራር የሚጎዳው ማን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። «ማንም አይጎዳም» ካላችሁኝ ጽሑፉን እመልሰዋለሁ። የማይጎዳ ሰው የሌለበት የውሃ ድልድል እስካሁን አላየሁም፤ የተጎጂው ስም ያልተጻፈበት ግን ብዙ አይቻለሁ።

ለዚያ በሌሊት ለደወለልኝ ልጅ ደግሞ፦ ያኔ ያልመለስኩልህን ዛሬ ልመልስልህ። «ማን ፈርሞበት?» ብለኸኝ ነበር። እኛ መፈረም ነበረብን። እኔ መምህርህ ሞዴሉን ሳስተምርህ ፊርማውን አላስተማርኩህም። አለቆችህ ደንቡን ሳያጸድቁ በሩን ሰጡህ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ግን ከመጪው ሰኔ በፊት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ያችን አንድ ገጽ ጽፈህ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥ። መጻፉን እኔም አግዝሃለሁ። ካልፈረሙም ያስቀመጥክበትን ቀን መዝግብ።

ግድብ ላይ የምትሠሩ፣ ከግድብ በታች የምትኖሩ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? በሩ ሲከፈት ማን ነው የሚነግራችሁ? ከስንት ሰዓት በፊት? ከታች ጻፉልኝ። የግድቡን ስም መጥቀስ የማትፈልጉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም።

ቸር ያሰማን።